ፒኤቻቸው እኩል የሆኑ ሁለት ማሳዎች ለምን እኩል ኖራ አይበቃቸውም?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ማቻከል ወረዳ ውስጥ ገበሬዎች ናቸው። የአባቴና የአጎቴ ማሳ አፈር ተወስዶ ተመርምሮ ነበር። የሁለቱም ፒኤች 5.0 ነው። ግን ለአባቴ በሄክታር 11 ኩንታል ኖራ ሲባል፣ ለአጎቴ 27 ኩንታል ተባለ። ክፍል ውስጥ የተማርነው ፒኤች እኩል ከሆነ የሃይድሮጅን አዮኑም እኩል ነው ተብለን ነው። ታዲያ ባለሙያው ተሳስቶ ነው? ደግሞ አያቴ ጓሮ ላይ አመድ ትደፋለች፤ ጎመኑም ጌሾውም ያምርበታል። አመድ አይበቃም ወይ?»

እህቴ፣ ባለሙያው አልተሳሳተም። አስተማሪሽም አልተሳሳተም። ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ፒኤች የሚነግርሽ በዚህ ሰዓት ውሃው ውስጥ ስንት ነጻ የሃይድሮጅን አዮን እንዳለ ነው። ኖራ ግን ውሃው ውስጥ ያለውን ብቻ አጥፍቶ አይገላገልም። አፈሩ ላይ ተጣብቆ ተራውን የሚጠብቅ ሌላ አሲድ አለ። መሶብ ላይ የቀረበውን እንጀራ አይቶ ጎተራው ውስጥ ስንት ኩንታል ጤፍ እንዳለ ማወቅ አይቻልም። ፒኤች የሚያየው መሶቡን ነው። የኖራውን መጠን የሚወስነው ጎተራው ነው።

የአፈር ኬሚስትሪ ሥራዬ ነው። ይህ ጉዳይ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆችንም ሲያምታታ ስለማይ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ከተማርሽው እንነሳ። ስዊድናዊው ኬሚስት አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያስቀመጠው ትርጉም ቀላል ነው። አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሃይድሮጅን አዮን ይሰጣል። ቤዝ የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ውሃ ይሆናሉ። ፒኤች የሚባለውን መለኪያ ያመጣው ደግሞ ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909፣ ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ። ብዙ ዜሮ ያለባቸውን ቁጥሮች እየጻፉ መኖር አድካሚ ስለነበር አሳጠራቸው። ፒኤች 5 ማለት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 0.00001 ሞል (ሞል ኬሚስቶች ቅንጣቶችን የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው) የሃይድሮጅን አዮን አለ ማለት ነው። ፒኤች 6 ከሆነ 0.000001 ሞል ነው። አንድ ቁጥር በወረድሽ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። በ0.3 ብቻ ቢወርድ እንኳ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው «ማሳዬ ከ5.0 ወደ 4.7 ወረደ፣ ያው ነው» ቢልሽ ያው አይደለም።

እዚህ ድረስ አስተማሪሽ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ፒኤች እኩል ከሆነ ነጻው የሃይድሮጅን አዮን በየሊትሩ እኩል ነው። አሁን አንድ የቤተ ሙከራ ሥራ ላሳይሽ። ትምህርት ቤታችሁ ቢዩሬት፣ ፈሳሽ በጠብታ እየለካ የሚለቅ ቀጭን ቱቦ፣ ካለው አስተማሪሽን ጠይቂና ከእሱ ጋር ሥሩት።

ሁለት ቢከር ውሰዱ። አንዱ ውስጥ 25 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አድርጉ። ሌላው ውስጥ 25 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ፣ አቼቶ ውስጥ ያለውን ማለት ነው። የሁለቱም መጠን በሊትር 0.1 ሞል ይሁን። ፒኤች ለኩ። ሃይድሮክሎሪኩ 1 ይላል። አሴቲኩ 2.9 ገደማ ይላል። በነጻ የሃይድሮጅን አዮን ብታሰሉት የመጀመሪያው ከሁለተኛው 75 እጥፍ ያህል ይበልጣል። አሁን በሁለቱም ላይ ፌኖልፍታሊን፣ ቤዝ ሲበዛ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ፣ ጠብ አድርጉና በሊትር 0.1 ሞል የሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከቢዩሬት በጠብታ ልቀቁ። እያንዳንዱ ጠብታ ሲወርድ ሮዝ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ለመጥፋት ይዘገያል። ከዚያ በአንድ ጠብታ ጠቅላላው ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ቢዩሬቱን አንብቡ። ለሃይድሮክሎሪኩ 25 ሚሊ ሊትር ገብቷል። ለአሴቲኩስ? እሱም 25።

ፒኤቻቸው እንደዚያ ተራርቆ የፈጀው ቤዝ እኩል ነው። ለምን መሰለሽ? አሴቲክ አሲድ ደካማ አሲድ ነው። ከ100 ሞለኪውሎቹ ሃይድሮጅኑን የለቀቀው አንዱ ገደማ ብቻ ነው። 99ኙ ይዘውት ተቀምጠዋል። ፒኤች የሚያየው ያን የለቀቀውን አንዱን ነው። ቤዝ መጥቶ እሱን ሲያጠፋው ግን ከተቀመጡት አንዱ ይለቅና ይተካል። እሱ ሲጠፋ ሌላው። ሁሉም እስኪያልቅ እንዲህ ይቀጥላል። ቤዙ በመጨረሻ የሚቆጥረው ጠቅላላውን ነው።

የአጎትሽ ማሳ ነገር ይኸው ነው፤ አፈር ውስጥ ግን ልዩነቱ ከዚህ እጅግ ይሰፋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢና አብረን እናስላው።

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ማረሻ የሚደርስበትን 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንውሰድ። 1,500 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። አፈሩ ርሶ ከይዘቱ 30 በመቶው ውሃ ነው እንበል። 450,000 ሊትር ውሃ አለ ማለት ነው። ፒኤቹ 5 ስለሆነ በየሊትሩ 0.00001 ሞል የሃይድሮጅን አዮን አለ። ስታባዢው 4.5 ሞል ይመጣል። የእርሻ ኖራ ተፈጭቶ የደቀቀ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አንድ ሞሉ 100 ግራም ይመዝናል፤ ሁለት ሞል የሃይድሮጅን አዮንም ያጠፋል። እንግዲህ ለ4.5 ሞል የሚያስፈልገው 225 ግራም ኖራ ነው።

225 ግራም ለሙሉ ሄክታር! አንድ ብርጭቆ ገደማ ኖራ በትነሽ ትገላገያለሽ ማለት ነው። ይህ እንደማይሆን አባትሽም ያውቃል፤ አንቺም ታውቂያለሽ። በፒኤች ብቻ ከሄድን ግን መልሱ ይህ ነው።

አሁን ጎተራውን እንመልከት። ያ 1,500 ሜትር ኩብ አፈር 1,800 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህም 1,800,000 ኪሎ ነው። የላብራቶሪው ወረቀት ላይ ከፒኤች ሌላ «ተለዋዋጭ አሲድነት» የሚል ቁጥር መኖር አለበት፤ መለኪያው ሴንቲሞል በኪሎ ይባላል። ወረቀቱን አላየሁትም፤ ከ27 ኩንታል ተነስቼ ወደ ኋላ ሳሰላ ግን የአጎትሽ 2.0 አካባቢ ይመጣልኛል። 2.0 ሴንቲሞል ማለት በአንድ ኪሎ አፈር 0.02 ሞል አሲድ ነው። በ1,800,000 ኪሎ ስታባዢው 36,000 ሞል ነው። ቅድም ውሃው ውስጥ ያገኘነው 4.5 ሞል ነበር። የተደበቀው የሚታየውን 8,000 ጊዜ ያጥፈዋል።

ለ36,000 ሞል 18,000 ሞል ኖራ ያስፈልጋል። 1,800 ኪሎ፣ ማለትም 18 ኩንታል ነው። የተበተነ ኖራ ሁሉ እኩል ስለማይሠራ ብዙ ጊዜ በ1.5 ይባዛል። 27 ኩንታል። የአባትሽንም በዚሁ መንገድ ብትሄጂ ቁጥሩ 0.8 አካባቢ ይሆናል፤ 720 ኪሎ፣ በ1.5 ሲባዛ 1,080 ኪሎ ነው። 11 ኩንታል አሉት። ባለሙያው በትክክል ነው የሠራው። ማሳችሁን በጥማድ የምትቆጥሩ ከሆነ፣ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይሞላል ብላችሁ አካፍሉት፤ ለአጎትሽ በጥማድ ሰባት ኩንታል ቢጎድል ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ አሲድ የት ተደብቆ ነው? የሸክላ አፈር ቅንጣት ላይ ነው። የሸክላ ቅንጣት ገጹ አሉታዊ ሙላት (ቻርጅ) አለው። አዎንታዊ አዮኖችን ይዞ ያስቀምጣል። ጤናማ አፈር ላይ የሚይዘው ካልሲየም፣ ማግኒዝየምና ፖታሲየም ነው። የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ዝናብ ግን ብዙ ነው። ውሃው ለብዙ ሺህ ዓመታት እነዚህን አጥቦ ወደ ታች ወስዷቸዋል። የቀረውን ደግሞ እህሉም ገለባውም ይዞት ይወጣል። ዩሪያና ሌሎች የአሞኒየም ማዳበሪያዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ባክቴሪያዎች አሞኒየምን ወደ ናይትሬት ሲቀይሩ የሃይድሮጅን አዮን ይለቀቃል። በካልሲየሙ ቦታ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ገብተው ይቀመጣሉ።

«አሉሚኒየም ውስጥ ሃይድሮጅን የለ፣ እንዴት አሲድ ይሆናል?» ብለሽ ብትጠይቂኝ ደስ ይለኛል። የአሬኒየስ ትርጉም ጠበብ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ብሮንስቴድና ሎውሪ እ.ኤ.አ. በ1923 ሰፋ አድርገውታል፤ አሲድ ማለት ፕሮቶን (ያው የሃይድሮጅን አዮን ነው) የሚሰጥ፣ ቤዝ ማለት ፕሮቶን የሚቀበል ነው አሉ። የአሉሚኒየም አዮን ውሃ ውስጥ ሲሆን ስድስት የውሃ ሞለኪውሎች ይከቡታል። ሦስት አዎንታዊ ሙላት ስላለው ውሃዎቹን አጥብቆ ይስባል፤ ከውሃዎቹ ላይ ፕሮቶን በቀላሉ ይለቀቃል። አንዱ አሉሚኒየም እስከ ሦስት የሃይድሮጅን አዮን ያስለቅቃል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ከማዕድኑ እየሟሟ ይወጣል። የተክሉ ጠላት ከሃይድሮጅኑ ይልቅ እሱ ነው።

ማየት ከፈለግሽ ከአጎትሽ ማሳ የገብስ ወይም የስንዴ ችግኝ ከነአፈሩ በመቆፈሪያ አንሺ። ጎትተሽ አትንቀይው፤ ሥሩ ይቀራል። ውሃ ውስጥ ነክረሽ አፈሩን ቀስ ብለሽ እጠቢው። አሉሚኒየም የጎዳው ሥር አጭርና ደንደን ያለ ነው፤ ጫፉ ቡናማ ይላል። ጸጉር የሚመስሉት ቀጫጭን ሥሮች የሉም ወይም ጥቂት ናቸው። በዚህ ሥር ተክሉ ወደ ታች ወርዶ ውሃ ማግኘት አይችልም። ፎስፈረሱንም አሉሚኒየሙና ብረቱ ያስሩበታል። ማዳበሪያ እየተጨመረ ገብሱ የማይነሳው ለዚህ ነው። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ አካባቢ ስንቱ ገበሬ ማሳውን ዲከረንስ በሚባል የግራር ዛፍ እንደሸፈነው ሰምተሽ ይሆናል። የከሰሉ ገበያ አንድ ምክንያት ነው፤ እህል የማይሰጥ አሲዳማ መሬት ሌላው ነው።

አሁን ሁለቱ ማሳዎች ለምን ተለያዩ ወደሚለው እንመለስ። ሸክላና ብስባሽ የበዛበት አፈር መያዣው ብዙ ነው፤ ብዙ አሲድ ያስቀምጣል። አሸዋማ ወይም የሳሳ አፈር መያዣው ትንሽ ነው። የሁለቱም ውሃ ፒኤች 5.0 ሊል ይችላል፤ ቅንጣቱ ላይ የተቀመጠው ግን አይገናኝም። የአጎትሽ መሬት ሸክላው ይበዛል ብዬ እገምታለሁ። በእጅሽ ርጥቡን አፈር እያሸሽ እንደ ክር አርዝሚው። ሳይበጠስ ረዝሞ የሚቀጥነው እሱ ነው ሸክላው የበዛው። አጎትሽ ይህን እንደ መርዶ አይየው። ብዙ አሲድ የሚይዝ አፈር አንዴ ከታከመ ብዙ ካልሲየምም ይይዛል። ተመልሶ ኮምጣጣ ለመሆንም ጊዜ ይፈጅበታል።

ላብራቶሪው ይህን ጎተራ እንዴት ለካው? ሥራው አንቺ ቅድም ካየሽው የቢዩሬት ሥራ፣ ታይትሬሽን ከሚባለው፣ የተለየ አይደለም። አሥር ግራም አፈር ይወስዳሉ። የፖታሲየም ክሎራይድ ሙሙት ይጨምሩበትና ይበጠብጡታል። ፖታሲየሙ ስለሚበዛ ቅንጣቱ ላይ የተቀመጡትን አሉሚኒየምና ሃይድሮጅን ገፍትሮ ወደ ውሃው ያወርዳቸዋል። ያንን ያጠሩና ፌኖልፍታሊን ጠብ አድርገው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨርሱታል። ሃይድሮክሳይዱ በሊትር 0.02 ሞል ቢሆን፣ ለአባትሽ አፈር 4 ሚሊ ሊትር ላይ ሮዝ ይሆናል። ለአጎትሽ 10 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። በ11ና በ27 ኩንታል መካከል ያለው ልዩነት ያቺ የስድስት ሚሊ ሊትር ልዩነት ናት።

ኖራው ሲገባ ደግሞ ይህ ይሆናል። ካልሲየም ካርቦኔት በንጹህ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። አሲድ ሲያገኝ ግን ይሟሟል። የእንቁላል ቅርፊት አቼቶ ውስጥ ብትጨምሪ አረፋ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚወጣው። አፈር ውስጥም ካርቦኔቱ የሃይድሮጅን አዮኑን ተቀብሎ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ካልሲየሙ ቅንጣቱ ላይ የአሉሚኒየሙን ቦታ ይይዛል። የተባረረው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ሥር አይነካም። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም። ስለዚህ ኖራው የደቀቀ መሆን አለበት፤ ከአፈሩ ጋር በደንብ መታረስ አለበት፤ እርጥበት ኖሮ ከዘር በፊት አንድ ሁለት ወር ቢያገኝ ጥሩ ነው። ላዩ ላይ ተበትኖ የቀረ ኖራ የሥሩን አካባቢ አይደርስበትም።

ደግሞ ፒኤቹ 7 ካልደረሰ አትበሉ። የምንፈልገው አሉሚኒየሙ እንዲዘቅጥ ነው፤ 5.5ን ትንሽ ካለፈ ለአብዛኛው ሰብል ይበቃዋል። ከመጠን በላይ ኖራ ዚንክና ብረትን ያሳጣል። ለቤት ግድግዳ የሚሆነውን የተቃጠለ ኖራ ደግሞ ከዚህኛው ጋር አታምታቱት። እሱ ኦክሳይድ ወይም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የእርሻው ኖራ ዝም ብሎ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ድንጋዩም ሩቅ አይደለም። አባይ ሸለቆ ውስጥ ከደጀን በታች ስትወርጂ ገደሉ ላይ የምታዪው ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አካባቢው ባሕር በነበረ ጊዜ የተከማቸ።

ኖራ እስኪመጣ የሚዘራ ነገር ከፈለጋችሁ ግብጦ አለላችሁ። ግብጦ በራሱ ኬሚስት ነው ማለት ትችያለሽ። ፎስፈረስ ሲያጥረው ሥሩ ላይ ብሩሽ የሚመስሉ ጥቅጥቅ ያሉ ሥሮች ያወጣና ሲትሬት ይለቃል፤ ሎሚን ሎሚ የሚያደርገው የሲትሪክ አሲድ ዘር ነው። ሲትሬቱ አሉሚኒየሙንና ብረቱን ይይዛቸውና ፎስፈረሱን ያስለቅቃል። እናቶቻችን ቆልተው ወንዝ ውሃ ውስጥ ለቀናት የሚዘፈዝፉት መራራነቱ እንዲወጣ ነው አይደል? የሚያመርሩት አልካሎይዶች ደግሞ ቤዞች ናቸው። አሲዱም ቤዙም አንድ ተክል ላይ አለልሽ።

የቀረው የአያትሽ አመድ ነው። እማማ ልክ ናቸው። አመድ ውስጥ የካልሲየምና የፖታሲየም ካርቦኔት አለ። ሁለቱም አሲድ ያጠፋሉ፤ ፖታሲየሙ ደግሞ ለተክሉ ምግብ ነው። ጓሮው ላይ ጎመኑና ጌሾው የሚያምረው በምክንያት ነው። ችግሩ መጠኑ ነው። የእንጨት አመድ አሲድ የማጥፋት ጉልበቱ በክብደት ሲተያይ የኖራን ግማሽ ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። ለአጎትሽ ሄክታር 27 ኩንታል ኖራ በአመድ ይተካ ቢባል ከ50 ኩንታል በላይ አመድ ይጠይቃል። የትኛው ምድጃ ይህን ያወጣል? ለጓሮ ግን ይቀጥሉበት። አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው፤ አመድና ዩሪያ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ አይደፉ። ዩሪያው አፈር ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። አሞኒየም አሲድ ነው፤ አመዱ ቤዝ። ሲገናኙ አሞኒየሙ ፕሮቶኑን ይሰጥና አሞኒያ ጋዝ ይሆናል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ከመጣ የገዛችሁት ናይትሮጅን ወደ ሰማይ እየሄደ ነው። አመዱን ቀድመው ከአፈሩ ጋር ያዋህዱት፤ ዩሪያውን ከሳምንታት በኋላ አፈር አልብሰው ይስጡት።